የኮፓ ግፊት መብዛት (በናፍጣ ካሚዮን ሞተር)

በአብዛኛው በፒስተንና በካሚቻ (በሲሊንደሩ እጀታ) መካከል ሾልኮ ወደ ኮፓ (ወደ ዘይት ገንዳው) የሚወርደው የቃጠሎ ጋዝ፣ መተንፈሻው ሊያስወጣው ከሚችለው በላይ ሲሆን የሚፈጠር ሕመም ነው፤ የዘይት መለኪያው ዘንግ ከማኅደሩ ተገፍቶ ይወጣል፣ ዘይትም በየማገጃው ያንጠባጥባል። የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ከፍቶ በጢሱ ብቻ የሚፈርድ መካኒክ ብዙ ጊዜ ይስታል፣ ጥቂት ጢስ ከጤነኛ ሞተርም አይታጣምና። ጠንቃቃው ግን ሞተሩ ሞቆ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ሳለ ግፊቱን ውሃ በያዘ ማኖሜትር ይለካል፤ ያለ ጭነት የተገኘ ልኬት ሐሰተኛ ምስክር ነው። ፋሻን (የፒስተኑን ቀለበት) ከመኰነን አስቀድሞ መተንፈሻው በጥላሸት አለመደፈኑ ይመረመራል፤ ቀጥሎም ቱርቦውና የፍሬን ንፋስ ኮምፕሬሰሩም አየር ወደ ኮፓ ሊያሾልኩ ስለሚችሉ በየተራ ተለይተው፣ ሲለይ ግፊቱ የቀነሰበት ጥፋተኛ ይሆናል። ሁለቱም ንጹሓን ከሆኑ እያንዳንዱ ሲሊንደር በታመቀ አየር ይፈተናል፤ አየሩ ወደ ኮፓ ሲያፏጭ የተሰማው በአንዱ ብቻ ከሆነ የተሰበረ ፋሻ ወይም የተበሳ ፒስተን፣ በሁሉም ከሆነ ግን እርጅና ነው።