የአዲስ አበባ አሮጌ ሠፈሮች እርጅና ከየት እንደ መጣ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የመንገድ ንድፍ አልቀደማትም። መኳንንቱ በየጉብታው ቦታ እየተመሩ ሲሠፍሩ ወታደሩ፣ አሽከሩና የእጅ ባለሙያው በየጌታው ግቢ ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። ደጃች ውቤ ሠፈርና ራስ ብሩ ሠፈር የመሳሰሉት ስሞች ከዚህ ልማድ የመጡ ናቸው። ባለጠጋውና ድኻው በአንድ አጥር ልክ መኖራቸውም የከተማይቱ ጠባይ ሆኖ ቀረ። የኢጣልያ ወራሪ ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ባዛወረ ጊዜ ሕዝቡን በዘር ለመለየት አስቦ ነበር፤ ነገር ግን አምስት ዓመት ይህን ጠባይ ለመለወጥ አልበቃውም።

ዛሬ ስለ ሠፈር ማደስ ሲነገር እርጅናው ብዙ ጊዜ የነዋሪው ቸልተኝነት ፍሬ ሆኖ ይቀርባል። ነገሩ ግን ከሕግ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን ሁሉ የመንግሥት ንብረት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አልፈቀደም። ኪራያቸው ከአንድ መቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ለተከራዩ ድኻ ይህ እውነተኛ እፎይታ ነበር፤ ይህንም መካድ አይገባም። ሆኖም የተቀነሰው ኪራይ ለብዙ ዘመን ሳይለወጥ ስለ ቆየ ቀበሌው ከሚሰበስበው ገንዘብ ቤት ማደስ አልቻለም። የጭቃ ቤት ደግሞ ምርጊቱ በየጊዜው ካልታደሰ ግድግዳው ከሥሩ እየተበላ ይሄዳል፤ ቆርቆሮው ይዝጋል። ተከራዩም ቤቱ የራሱ ስላልሆነ፣ ለማደስም ፈቃድ መጠየቅ ስላለበት፣ ገንዘቡን ለማፍሰስ አልደፈረም። ባለቤቱም ነዋሪውም እጃቸውን የሰበሰቡበት ቤት እንደሚያረጅ ግልጽ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ አዋጅ ቁጥር 80 ወጣ፤ በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 721 ይህን ሥርዓት አጠበቀው። መሬቱ የመንግሥት መሆኑ እንደ ነበረ ሲቀር፣ የመጠቀሚያው መብት ግን ዋጋ አገኘ። ከዚህ የተነሣ ማዘጋጃ ቤቱ ርካሽ የሚያከራየው ያረጀ ቤት፣ በመኻል ከተማ ውድ የሆነ መሬት ላይ ቆሞ ተገኘ። ልደታን በመሰሉ ሠፈሮች በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተካሄደው ማፍረስና እንደገና መገንባት ከዚህ ሒሳብ ውጭ ሊገባን አይችልም። ለቀበሌ ቤት ተከራዮች ቅድመ ክፍያ ከፍሎ የጋራ መኖሪያ ቤት መግዛት ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት መቀበል ቀረበላቸው፤ ብዙዎቹም ጀሞን ወደ መሰሉ ዳርቻዎች ሄዱ።

ለኢትኖሎጂ ተማሪ ዋናው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ቤት ውኃና መጸዳጃ ያለው፣ ከቀድሞው የሚሻል መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን በመኻል ከተማ ጉሊት ዘርግታ፣ እንጀራ ጋግራ ወይም ጠላ ጠምቃ ትተዳደር የነበረች ሴት ደንበኞቿን አብራ አላዛወረችም። እድሩም እንዲሁ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ የሠፈሩ ሲሆኑ፣ አባላቱ በልዩ ልዩ አቅጣጫ ተበተኑ። አንዳንዶቹ መዋጮውን ሳያቋርጡ ለቀብርና ለለቅሶ ወደ ቀድሞው እድር መመላለስን መረጡ፤ ሌሎቹ በአዲሱ ቦታ ከማያውቋቸው ጎረቤቶች ጋር እድር መሠረቱ።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ዋጋ ይተምን የነበረው በዋናው በመሬቱ ላይ ለሰፈረው ንብረት ነው፤ የቀበሌ ተከራይ ደግሞ የሚተመንለት ግድግዳ አልነበረውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥን ካሳ ከሚያስከፍሉ ጉዳቶች ውስጥ አስገባ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ይህ ቃል በሕግ ከተጻፈ አምስት ዓመት ሊሞላው ነበር።