ስደተኛ ጀግና ነው ወይስ ምስኪን?

ከሀገሩ ተገዶ የወጣ ሰው ምን ይባላል? ጀግና ወይስ ምስኪን? እንግሊዞችና ጀርመኖች ከአንድ ቃል ተነስተው ተቃራኒ መልስ ሰጥተዋል።

ሁለቱም ቋንቋዎች ጀርማኒክ ከሚባለው አንድ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ውሬቻ» ማለት የተባረረ፣ የተሳደደ ሰው ማለት ነበር። የዚሁ ቃል ልጅ የሆነው የዛሬው «ሬች» ጎስቋላ፣ ምስኪን፣ አንዳንዴም ወራዳ ማለት ነው። በጀርመንኛ ግን ያው ቃል «ሬከ» ሆኖ ጀግና ተዋጊን ይጠራል።

ይህ እንዴት ሆነ? በዚያ ዘመን ሰው የሚኖረው በዘመዱና በጌታው ጥላ ሥር ነበር። የተባረረ ሰው መሬቱን ብቻ ሳይሆን ደሙን የሚመልስለትንም ያጣል፤ ስለዚህ ያሳዝናል። በሌላ በኩል በባዕድ ንጉሥ ቤት በሰይፉ አድሮ ስም የሚያተርፍም ነበር። ቤዎልፍ በተባለው የእንግሊዝ ጥንታዊ ግጥም ዘንዶ ገዳዩ ሲገመንድ የተወደሰው በዚሁ በስደተኛ ስም ነው።

በ9ኛው መቶ ዘመን በብራና በሰፈረው የጀርመኖች የሂልደብራንድ ግጥም ቃሉ ገና ስደተኛ ማለት ነው። አባት ከ30 ዓመት ስደት በኋላ ሲመለስ ልጁ አላወቀውም፤ አባትህ ነኝ ቢለውም አላመነውም፤ ጦር ተማዘዙ። እ.ኤ.አ. በ1200 ገደማ በተጻፈው በኒቤሉንገን ግጥም ግን በገዛ ሀገራቸው የተቀመጡ ተዋጊዎችም «ሬከ» ይባላሉ። ስደቱ ተረስቶ ጀግንነቱ ቀረ።

ጀርመኖች ስቃዩን ረሱት ማለት ግን አይደለም። ዛሬ መከራ የሚሉበት «ኤሌንድ» የሚለው ቃል ከሥሩ ሲፈታ «ሌላ ሀገር» ማለት ነው። ሆላንዶችና ስዊድኖችም የዚሁ ቃል ዘመድ አላቸው፤ ትርጉሙም መከራ ነው። ባዕድ ሀገር መኖርና መከራ አንድ ሆነው ቀሩ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ «ስደት» የወጣው «ሰደደ» ከሚለው ግሥ ነው። «አሳደደ»ም ከዚያው ነው። እንግሊዝኛውም ጀርመንኛውም በጊዜ ብዛት ስለ ተሰዳጁ ማንነት መናገር ሲጀምሩ ስላሳዳጁ ዝም አሉ። የእኛ ቃል ግን ሥሩን አልደበቀም። ስደተኛ ካለ ያሳደደው ነገር አለ፤ ጦርነት ይሁን ረሀብ ወይም መንግሥት።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ስደተኛ ስንባል አንገት መድፋትም ደረት መንፋትም አያስፈልግም። መጠየቅ ያለበት «ማን አሳደደው?» የሚለው ነው።

ቸር ይግጠመን።