ዓይናችንን ስለሚከድነው ጡንቻ አጭር ታሪክ

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። ልብ እያዘነ ጥርስ ሊስቅ ስለሚችል፣ ሳቅን ብቻ አይቶ ስለ ሰው ደስታ መመስከር አይቻልም ማለታቸው ነው። ዓይን ግን እንዲህ በቀላሉ አይዋሽም። ለምን እንደማይዋሽ፣ ዝም ባለም ጊዜ ዝምታው ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ሊቃውንት በየዘመኑ የደረሱበትን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን። ዘመኖቹን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በዓይናችን ዙሪያ እንደ ቀለበት የተጠመጠመ ስስ ጡንቻ አለ። ሐኪሞች በላቲን ስሙ ኦርቢኩላሪስ ኦኩሊ ይሉታል። በአፍንጫ በኩል ከአጥንት ጋር ተያይዞ ዓይንን ከላይና ከታች ይከባል። በቆቡ ውስጥ ያለው ክፍል ሳናስበው ዓይናችንን ያርገበግባል፤ ውጪኛው ክፍል አቧራ ሲነሣ ወይም ፀሐይ ሲበረታ አጥብቆ ይጨፍናል፤ ከእንባ ከረጢት አጠገብ ያለው ትንሹ ክፍል ደግሞ እንባ ወደ አፍንጫ እንዲወርድ ይረዳል። የላይኛውን ቆብ የሚያነሣው ግን ሌላ ጡንቻ ነው፤ የሚታዘዘውም ለሌላ ነርቭ ነው። አንባቢ ይህን ልዩነት እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው ሐኪም ጋሌን ስለ ጡንቻዎችና ስለ ነርቮች ብዙ ጽፏል። ነገር ግን የመረመረው የእንስሳትን አካል ስለ ነበር ስሕተት አላጣውም። ቬሳልዮስ የሰውን ሬሳ በገዛ እጁ ከፍቶ ያየውን በ1543 አሳተመ፤ ከጋሌን ስሕተቶችም ብዙዎቹን አረመ። ይሁን እንጂ ጡንቻው የት እንዳለ ማወቅና ማን እንደሚያዘው ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ1821 ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ቤል ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ አንድ፣ የፊትን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ ሌላ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አቀረበ። የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከጆሮ ሥር ወጥቶ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ በጉንጭና በግንባር ይዘረጋል።

ከዚያ በኋላ ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን የፊትን ጡንቻዎች በኤሌክትሪክ እያነቃቃ ፎቶግራፍ አነሣ፤ ሥራውንም በ1862 አሳተመ። ከንፈርን ወደ ላይ የሚስበው ጡንቻ ለፈቃዳችን ይታዘዛል፤ ከዓይን በታች ያለውን የቀለበቱን ክፍል ግን የሚያንቀሳቅሰው እውነተኛ ደስታ ነው አለ። ዳርዊንም በ1872 ባወጣው መጽሐፍ ከዱሼን ፎቶግራፎች አንዳንዶቹን ተጠቀመባቸው። አንዳንድ ሰዎች ይህንንም ጡንቻ በፈቃዳቸው ሊያንቀሳቅሱ እንደሚችሉ ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ቢያሳዩም፣ የዱሼን ሐሳብ አባቶቻችን ያለ ኤሌክትሪክ ካስተዋሉት ጋር የሚስማማ ነው።

እንግዲህ ዓይኑ የማይስቅ ሰው ሁሉ ልቡ የከፋ ነውን? ከቶ አይደለም። በ1873 ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን የሥጋ ደዌን የሚያመጣውን ባክቴሪያ አገኘ። ይህ ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ስለሚስማማው ከቆዳ ሥር የሚያልፉትን ነርቮች ያጠቃል። በጉንጭ አጥንት ላይ የሚያልፈው የፊት ነርቭ ቅርንጫፍ ሲጎዳ ቀለበቱ ይደክማል። ቆብን የሚያነሣው ጡንቻ ግን በሌላ ነርቭ ስለሚታዘዝ ሥራውን አይተውም። ስለዚህ ከፋቹ በርትቶ ዘጊው ሰንፎ፣ ዓይን በእንቅልፍ ጊዜ እንኳ ሳይከደን ያድራል። የስሜቱ ነርቭ ደግሞ አብሮ ከተጎዳ በሽተኛው አቧራ ሲገባበት አይሰማውም፤ የዓይኑ ብሌን ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ በመጨረሻም ይታወራል። መንገደኛው ግን ይህን ሳያውቅ «ምን ያፈጥብኛል!» ይላል።

በአገራችን ይህ ደዌ በዘር የሚወርድ ወይም ከእርግማን የሚመጣ ይመስል ነበር። ንጋት ላይ በየደጁ የሚያዜሙት ላሊበሎች ዜማውን ቢተዉ ደዌው ይይዛቸዋል ይባል እንደ ነበር ብዙዎቻችን ሰምተናል። በ1901 የካቶሊክ መነኮሳት በሐረር ለበሽተኞቹ መኖሪያ አቋቋሙ። በ1930ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራው ሆስፒታል ተሠራ። በዚያው ስፍራ በ1965 አለርት ተመሠረተ፤ በ1970 ደግሞ በሐንሰን ስም የተሰየመው የምርምር ተቋም በአጠገቡ ሥራ ጀመረ። በአለርት የተጎዳ እጅን፣ እግርንና ፊትን የሚያቃና ቀዶ ሕክምና ሲሰጥ ቆይቷል፤ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ሐኪሞችም ተምረውበታል።

ከእነዚህ ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ በጣም የሚያስደንቅ ነው። ሃሮልድ ጊሊስ የተባለው ሐኪም በ1934 የገለጸው ዘዴ ሲሆን፣ ከጆሮ በላይ ካለው የማኘኪያ ጡንቻ ጥቂቱ ተነሥቶ በዓይን ቆቦች ውስጥ ይዘረጋል። ይህ ጡንቻ የሚታዘዘው ለሌላ ነርቭ ስለ ሆነ ደዌው አላሰነፈውም። በሽተኛው ጥርሱን ሲነክስ ዓይኑ ይከደናል፤ በልምምድም ይህን ማድረግ ይማራል። ባዳ የተባለው ጥርስ ለዓይን ዘመድ ሆነ ማለት ነው።

እኛ የጉለሌ ልጆች «ፓስተር» የሚለውን የሰፈር ስም በየቀኑ እንሰማለን። ስሙ የቀረው በ1950ዎቹ ዓመታት በዚያ ይሠራ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ ዛሬም የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በዚያ ይገኛል። ፓስተር ብዙ ደዌ ከረቂቅ ተሕዋስያን እንደሚመጣ ካስተማሩት ሊቃውንት አንዱ ነበር። ስሙን ስንጠራ ትምህርቱንም ማስታወስ ይገባናል።

ከ1982 ጀምሮ የዓለም የጤና ድርጅት ባዘዘው የመድኃኒቶች ቅንብር የሥጋ ደዌ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ይድናል። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ቢገድልም ለብዙ ጊዜ ሞቶ የቆየውን ነርቭ አያስነሣም። ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ምልክት በቆዳው ላይ ያየ ሰው ሳያፍርና ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከበሽታው ድኖ ዓይኑ ብቻ ያልተከደነለትን ሰው በመንገድ ባገኘነው ጊዜ ደግሞ አፈጠጠብን አንበል፤ ሰላምታ እንስጠው። ፊቱ ባይስቅልን እንኳ ልቡ ሊስቅልን ይችላል።