ልጅ ብቻውን አይከሳም

በዓል ነው እንበል። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቧል። የስምንት ዓመቱ ልጅ ገና ከበሩ እንደ ገባ አክስቱ ጉንጩን ይዘው፣ «እሰይ የኔ ጌታ! ሰውነት አወጣህ! ከዐይን ያውጣህ» ይላሉ። ጉርሻው ይከተላል፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎም ይደገማል። በሳምንቱ ያው ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ «ድብልብል» ተብሎ ይሰደባል። ከዚያም ሐኪም ቤት ተወስዶ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ሐኪሙ ቁጥሩን አይቶ ግንባሩን ይቋጥራል። እናቱ ወደ ልጇ ዞራ፣ «ስነግርህ አልነበረም? ከእንግዲህ ጣፋጭ የሚባል ነገር አታያትም!» ትላለች። ቤት ሲደርሱ ግን የለስላሳው ሳጥን እንደ ወትሮው ከበሩ ኋላ ተደርድሯል፤ አባትም ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ኬኩን ይቆርሳል።

ለመሆኑ ጥፋተኛው ማን ነው? አመስጋኟም፣ ተሳዳቢውም፣ ሐኪሙም፣ እናትም ጣታቸውን የቀሰሩት ወደ አንድ ልጅ ነው። ገበያ ወደማይወጣ፣ ወጥ ወደማይሠራ፣ ደመወዝ ወደማይቀበል ልጅ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚያን ጣት ታሪክ ማውሳት ነው። ጣቱ ከየት መጣ? ማንን ጠቀመ? ማንንስ ጎዳ? (ካልተገለጸ በቀር የዓመታቱ አቆጣጠር የአውሮፓውያን ነው።)

የቀብር አስፈጻሚው ደብዳቤ

ክብደት መቀነስን የአደባባይ ወሬ ያደረገው ሐኪም ሳይሆን የለንደን ቀብር አስፈጻሚ ነበር። ስሙ ዊልያም ባንቲንግ ይባላል። ቤተሰቡ ለእንግሊዝ መሳፍንትና መኳንንት ቀብር በማሰናዳት የታወቀ ነበር። በ1862 ባንቲንግ 60ዎቹን አጋምሶ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 ሆኖ ሳለ ክብደቱ 92 ኪሎ ግድም ደርሶ ነበር። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር አይችልም፤ ደረጃ የሚወርደውም የኋሊት ነበር። ጀልባ ቀዘፈ፤ ያተረፈው የባሰ ረሃብ ብቻ ሆነ። በመጨረሻ ጆሮው አልሰማ ብሎት የሄደበት ሐኪም፣ ዊልያም ሃርቬይ፣ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች እንዲተው አዘዘው። ባንቲንግ በአንድ ዓመት ውስጥ 21 ኪሎ ያህል ቀነሰ። ደስታውን መሸሸግ ስላልቻለም በ1863 በገዛ ገንዘቡ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ ለሕዝብ በተነ። መጽሐፏ እጅግ ከመወደዷ የተነሣ ስሙ ግሥ ሆነ፤ ስዊድኖች ዛሬም ለክብደት ሲሉ ምግብ መቀነስን «ባንታ» ይሉታል።

በ1918 ደግሞ ሉሉ ሀንት ፒተርስ የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም ካሎሪ መቁጠርን ለተራው ሰው የሚያስተምር መጽሐፍ አወጣች። ያም በብዙ መቶ ሺሕ ቅጂ ተቸበቸበ። የሁለቱም ትምህርት ሥር አንድ ነው፦ ሰው በሆዱ ላይ አዛዥ ነው፤ ከወሰነ ይችላል፤ ካልቻለ ግን አልወሰነም ማለት ነው። ለባንቲንግ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ባለገንዘብ፣ የቤቱ ጌታና ጎልማሳ ነበርና ዳቦው ከገበታው ይነሣ ካለ ይነሣል። ችግሩ የመጣው ይኸው ትምህርት በቤቱ ጌታ ላልሆነው፣ ማለትም በልጁ ላይ ሲጫን ነው።

ሚዛኑ ለምን መጣ?

ሚዛን ወደ ሕፃናት የመጣው ውፍረትን ሊይዝ አልነበረም። በ1918 አሜሪካ «የሕፃናት ዓመት» ብላ በመላ አገሪቱ ሚሊዮኖችን ስትመዝን የምትፈልገው የቀጨጨውን ልጅ ነበር። እኛም አገር ጤና ጣቢያ ገብቶ፣ ሕፃን ሱሪ በመሰለ ማንጠልጠያ ተሰቅሎ ሲመዘን ያየ ሰው ይህን ያውቃል። የመርፌዋ ወደ ታች መውረድ የሞት ምልክት ነበር። በእኛ አቆጣጠር የ1966ትና የ1977ቱን ረሃብ ያየ ትውልድ የሞላ ጉንጭ ሲያይ ደስ ቢለው ማን ይፈርድበታል?

ቋንቋችንም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። «ከሳህ» ማለት «ምን ሆንክ? ምን ነካህ?» ማለት ነው። መክሳት የበሽታ፣ የሐሳብ፣ የማጣት ስም ነው። «ሰውነት አወጣህ» ግን ምርቃት ነው። «ክብደት መቀነስ» የሚለው ሐረግ ገና የትናንት ነው፤ ዛሬም ቢሆን ከእናቶቻችን አፍ ሲወጣ እንግዳ ይመስላል።

ይህ ጠባይ የእኛ ብቻ አይደለም። ረሃብን ያየ ሕዝብ ሁሉ ይጋራዋል። ይህንንም ቀድማ ካስተዋሉት አንዷ ከናዚ ጀርመን የተሰደደች የሕፃናት ሐኪም ናት።

ቤት ድረስ የሄደችው ሐኪም

ሂልዳ ብሩክ አይሁዳዊት ነበረች። በ1933 ጀርመንን ለቅቃ ለንደን ገባች፤ በ1934 ኒው ዮርክ ደረሰች። ዘመኑ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የተመታችበት፣ ሰው ለሾርባ የሚሰለፍበት ነበር። እሷን ያስገረማት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በመንገዱ፣ በባቡሩና በትምህርት ቤቱ ያየቻቸው ወፋፍራም ልጆች ብዛት።

በዚያን ጊዜ ሐኪሞች ነገሩን የዕጢ በሽታ ነው ይሉ ነበር። በ1901 የቪየናው አልፍሬድ ፍሮሊክ በአንጎል ዕጢ ምክንያት የወፈረን አንድ ልጅ ታሪክ ጽፎ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ወፍራም ልጅ በመጣ ቁጥር ጥፋተኛዋ ዕጢ ሆነች። ብሩክ ልጆቹን አንድ በአንድ መረመረች። አብዛኞቹ ጤናማ ዕጢ ያላቸው፣ እንዲያውም ከእኩዮቻቸው ቁመታቸው የሚረዝም ሆነው ተገኙ። ታዲያ ከሆስፒታሉ ወጥታ ወደ ቤተሰቦቹ ኑሮ ገባች። ያገኘቻቸውም ብዙዎቹ ከአውሮፓ የተሰደዱ፣ በልጅነታቸው ድህነትና ረሃብ የቀመሱ እናቶች ነበሩ። ለእነሱ ምግብ ምግብ ብቻ አልነበረም። የፍቅር መግለጫ፣ የፍርሃት ማስታገሻ፣ «የእኔ ልጅ እንደ እኔ አይራብም» የሚል መሐላ ነበር። በ1940 ከባልደረባዋ ጋር ባሳተመችው ጥናት የልጁን ውፍረት ከቤተሰቡ ነጥሎ ማየት እንደማይቻል አስረዳች።

ይሁንና ብሩክም ከስሕተት አላመለጠችም። ጣቱን ከልጁ ላይ አንሥታ በአብዛኛው እናት ላይ ቀሰረችው። የቤት ኪራይ፣ የሥራ ሰዓት፣ መጫወቻ የሌለው ሰፈርና የስኳር ርካሽነት በጽሑፏ ውስጥ የሚገባቸውን ስፍራ አላገኙም። የሆነ ሆኖ አንድ በር ከፍታለች፤ ልጁን ለመረዳት ወደ ቤቱ መሄድ ግድ ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ

ይህን በር አልፎ ነገሩን በቁጥር የፈተነው ሌላ አሜሪካዊ ነው። የሥነ ልቡና ሊቁ ሌናርድ ኤፕስታይን ከባልደረቦቹ ጋር በፒትስበርግ ከተማ ምግብን እንደ ትራፊክ መብራት በሦስት ቀለም ከፈለ፤ አረንጓዴው እንደ ልብ፣ ቢጫው በልክ፣ ቀዩ አልፎ አልፎ የሚበላ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ እንኳ የሚገባው ትምህርት ነበር።

ትልቁ ቁም ነገር ግን ቀለሙ ላይ አልነበረም። ከ6 እስከ 12 ዓመት የሆኑ ወፍራም ልጆችና ወላጆቻቸው በሦስት ቡድን ተመደቡ። የሦስቱም የምግብና የስፖርት ትምህርት አንድ ዓይነት ነበር። ልዩነቱ ማን እንዲለወጥ ይጠበቃል የሚለው ነው። በመጀመሪያው ቡድን ልጁም ወላጁም አብረው አመጋገባቸውን ለማስተካከልና ክብደት ለመቀነስ ተስማሙ። በሁለተኛው የሚጠበቀው ከልጁ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ደግሞ ማንም በተለይ ተጠያቂ አልሆነም።

ውጤቱ የታተመው በ1990፣ ማለትም አሥር ዓመት ከተጠበቀ በኋላ ነው። የተለካውም የልጆቹ ክብደት ከሚጠበቀው በመቶ ስንት እንደሚበልጥ ነበር። ከወላጆቻቸው ጋር የተለወጡት ልጆች ትርፍ ክብደት ከመነሻው በ7.5 ነጥብ ቀንሶ ተገኘ። ለብቻቸው የታገሉት በ4.5 ነጥብ ጨመሩ። ሦስተኛዎቹ በ14.3 ነጥብ አሻቀቡ። ያው ትምህርት፣ ያው ምግብ! ልጁን የረዳው አብሮት የሚለወጥ ሰው መኖሩ ነበር።

በ1998 እስራኤል ውስጥ ሞሪያ ጎላንና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት ነገሩን አንድ እርምጃ አራመደው። በአንደኛው ቡድን ልጆቹ ጨርሶ አልተጠሩም፤ የተማሩት ወላጆቻቸው ብቻ ነበሩ። በሌላው ቡድን የተማሩት ልጆቹ ነበሩ። የተሻለ ውጤት ያገኙት ሳይጠሩ የቀሩት ልጆች ሆኑ። ማንም «ወፍራም ነህ» ሳይላቸው፣ ሳይመከሩና ሳይሸማቀቁ፣ የቤታቸው ገበታ ተለውጦ ጠበቃቸው።

ስሙ ሲገለበጥ

የተቃራኒውም መንገድ ታሪክ አለ። ሲንጋፖር በ1992 በትምህርት ቤቶቿ አንድ መርሐ ግብር ጀመረች። የስሙ የእንግሊዝኛ ምኅጻር «ታፍ» ይባላል። ክብደታቸው የበዛ ተማሪዎች ከጓደኞቻቸው ተለይተው ተጨማሪ ስፖርት ይሠሩ ጀመር፤ በአንዳንድ ትምህርት ቤት ሌላው ልጅ በእረፍት ሰዓት ሲጫወት እነሱ ይሮጣሉ። በቁጥር ሲታይ ሠርቷል፤ የወፍራም ተማሪዎች ድርሻ ከ14 በመቶ ወደ 10 በመቶ ግድም ወረደ። ልጆች ግን ብልሆች ናቸው። «ታፍ»ን በእንግሊዝኛ ፊደሉ ከኋላ ወደ ፊት ሲያነቡት «ፋት» ሆኖ አገኙት፤ ትርጉሙም «ወፍራም» ነው። መንግሥት ያወጣው ስም የጓሮ ስድብ ሆነ። የተለዩት ልጆች መሳቂያ ሆኑ፤ ወላጆችና ሐኪሞችም መርሐ ግብሩን ከአመጋገብ የአእምሮ ሕመም ጋር እያያያዙ ይወቅሱት ጀመር። በ2007 ቀርቶ ሁሉንም ተማሪ በአንድነት በሚያቅፍ ሌላ መርሐ ግብር ተተካ።

በዚያው አህጉር ጃፓን ሌላ መንገድ ይዛለች። በ1889 በያማጋታ አውራጃ፣ ፀሩኦካ በምትባል ከተማ፣ በቤተ መቅደስ ውስጥ ለነበረ ትምህርት ቤት ድሆች ልጆች የሩዝ ድብልብልና ዓሣ መሰጠት ተጀመረ። ይህ የትምህርት ቤት ምሳ በ1954 ሕግ ወጣለት፤ በ2005 ደግሞ የምግብ ትምህርትን የሚመለከት ሌላ ሕግ ተጨመረ። ወፍራሙም ቀጭኑም አንድ ዓይነት ምሳ ይበላል። ተማሪዎቹ ተራ ገብተው ያቀርባሉ፤ መምህሩም አብሯቸው ይቀመጣል። ጃፓን ከሀብታም አገሮች መካከል የልጆች ውፍረት ዝቅተኛ ከሆነባቸው አንዷ ናት። ምክንያቱ ይህ ምሳ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ማንንም ከገበታ ሳይለዩ ማስተማር እንደሚቻል ግን ያሳያል።

ወደ መሶባችን

አሁን ወደ በዓሉ ቤት እንመለስ። ፈረንጆች ይህን ያህል ዘመን የፈጀባቸው አንድም ሰው ሁሉ በየሳህኑ ስለሚበላ ይሆናል። በየሳህኑ በሚበላበት ቤት የአንዱን መቀነስ የሚቻል ይመስላል። በእኛ መሶብ ግን ለአንድ ልጅ ብቻ የሚቀነስ ነገር የለም። ወይ የሁሉም ይለወጣል፣ ወይ የማንም አይለወጥም።

ይህም ለእኛ አዲስ አይደለም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ድስቱ ይታጠባል፣ ቅቤው ይነሣል፣ ቤቱ ሁሉ ወደ ሽሮውና ወደ ምስሩ ይዞራል። በረመዳንም ቤተሰቡ አንድ ላይ ይጠብቃል፣ አንድ ላይ ያፈጥራል። የጾም ዓላማ ሌላ ነው፤ ልጅን ለማክሳት ብሎ ማስራብም ከጤናም ከእምነትም የራቀ ስሕተት ነው። ነገር ግን አንድ ቤት በአንድ ቀን ገበታውን መለወጥ እንደሚችል ከእኛ የበለጠ ማን ያውቃል?

ሐኪሞችም ዛሬ የሚሉት ከዚህ ብዙም አይርቅም። በማደግ ላይ ያለ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ኪሎ መጣል አያስፈልገውም፤ ክብደቱ ባለበት ረግቶ ቁመቱ ቢደርስበት ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው መሆኑን መርምሮ የሚወስነው ሐኪም ነው። ለቤተሰቡ የሚቀረው የለስላሳውን ሳጥን አስወጥቶ ውኃ ማቅረብ፣ ጎመኑንና ፍራፍሬውን ማብዛት፣ በጊዜ መተኛት፣ አብሮ በእግር መሄድ፣ ስለ ልጁ ሰውነት በክፉም በደግም ከማውራት መቆጠብ ነው። ይህ ሁሉ የአባትንም ኬክ ይመለከታል።

ቤተሰብ ብቻውን ሁሉን ይችላል ማለት ግን የብሩክን ስሕተት መድገም ይሆናል። ልጁ ኳስ የሚጫወትበት ሜዳ ሕንጻ ከበቀለበት፣ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚሸጠው ከረሜላ ብቻ ከሆነ፣ እናት ምን ታድርግ? ሜክሲኮ በ2014 በስኳር መጠጥ ላይ ቀረጥ የጣለችው፣ ቺሌም በ2016 ስኳርና ጨው በበዛባቸው ምግቦች ላይ ጥቁር ምልክት አስለጥፋ ከትምህርት ቤት ያስወጣቻቸው ይህን ተረድተው ነው። ከቤቱ ገበታ ውጭ ሰፊ የአገር ገበታ አለ።

ለአክስት ደግሞ አንድ ልመና አለን። እርስዎ ያዩትን ዘመን እናውቃለን፤ ጉርሻዎ ፍቅር መሆኑንም አንስተውም። በሚመጣው በዓል ግን ልጁ ሲገባ ጉንጩን ትተው እጁን ይያዙትና ከምሳ በፊት እስከ ሰፈሩ ዳር ደርሳችሁ ተመለሱ። እግረ መንገድዎን የልጅነትዎን ታሪክ ያጫውቱት። እሱም ፍቅር ነው፤ ልጁም ያስታውሰዋል።