የቪዲዮ ኮንፈረንስ ስብሰባ፦ ጥቅሞቹ፣ ውስንነቶቹና ተሳታፊዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

የቪዲዮ ኮንፈረንስ በተለያየ ስፍራ የሚገኙ ሰዎች በምስልና በድምፅ ተገናኝተው የሚወያዩበት የስብሰባ ዘዴ ነው። ዘዴው ለኢትዮጵያ የመንግሥት ተቋማት አዲስ አይደለም። ወረዳ ኔት የተሰኘው የመንግሥት ኔትወርክ ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ሲያገናኝ ከሰጣቸው አገልግሎቶች አንዱ ይኸው ነው። ፍርድ ቤቶችም በተለምዶ «ፕላዝማ» በሚባለው አሠራር በርቀት የሚገኙ ተከራካሪዎችን ሲያከራክሩ ቆይተዋል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአገሪቱ መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ አጠቃቀሙ ይበልጥ ተስፋፍቷል። በዚያው ዓመት ሰኔ 19 ቀን የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ቢሮ በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጉዳይ የመከረው በዚሁ ዘዴ ነበር።

ጥቅሞቹ

ቀዳሚው ጥቅም የጉዞን ጊዜና ወጪ መቀነሱ ነው። ለሁለት ሰዓት ውይይት ከሩቅ ወረዳ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ባለሙያ በመንገድ ብቻ ቀናት ሊያሳልፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ አበልና ነዳጅ ይወጣል፤ ባለጉዳዩም «ኃላፊው ለስብሰባ ወጥተዋል» ተብሎ ይመለሳል። ባለሙያው ከቢሮው ሆኖ ከተሳተፈ ግን ስብሰባው እንዳበቃ ወደ ተገልጋዩ ይመለሳል።

ዘዴው ለመንቀሳቀስ ለሚቸገሩ ሰዎች፣ ለአረጋውያንና ለሚያጠቡ እናቶች የተሳትፎ ዕድል ይሰጣል። በውጭ አገር የሚኖሩ ባለሙያዎችም በአገር ቤት ስብሰባ እንዲገኙ ያስችላል።

ውስንነቶቹ

ዋናው ውስንነት የመደመጥ ዕድል በመስመሩ ጥራት ላይ መመሥረቱ ነው። መብራት ወይም ኢንተርኔት የተቋረጠበት ሰው ሐሳቡ ሳይሰማ ውሳኔ ሊተላለፍ ይችላል። ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቅ ሳተላይት የሚተላለፍ ድምፅ ተቀባዩ ዘንድ ለመድረስ ሩብ ሴኮንድ ያህል ስለሚወስድ፣ ተናጋሪዎች ሳያስቡት አንዱ የሌላውን ንግግር ያቋርጣል። በግል የኢንተርኔት ጥቅል ለሚሳተፍ ሰው ደግሞ ከፍተኛ ጥራት ያለው ምስል በሰዓት ከ1 ጊጋባይት በላይ ሊጨርስ ይችላል።

ድካምም ሌላው ችግር ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጄረሚ ቤይለንሰን እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጽሑፍ ለዚህ አራት ምክንያቶችን አቅርበዋል፤ እነርሱም የሌሎችን ፊት ያለማቋረጥ በቅርበት ማየት፣ የራስን ምስል መመልከት፣ በአንድ ቦታ ተወስኖ መቀመጥ እንዲሁም የሰውን ስሜት ከስክሪን ለመረዳት የሚጠይቀው ጥረት ናቸው።

ከዚህም ሌላ ዋና ሰነድንና ማኅተምን በስክሪን አይቶ ትክክለኛነቱን ማረጋገጥ ያዳግታል። ከተሳታፊው ጀርባ ሆኖ ውይይቱን የሚያዳምጥ ሰው መኖር አለመኖሩም አይታወቅም።

የትኛው ስብሰባ በቪዲዮ ይካሄድ?

የሥራ ሪፖርት፣ የዕቅድ ክትትል፣ አጭር ገለጻና መደበኛ የባለሙያዎች ምክክር በቪዲዮ ቢካሄዱ ተመራጭ ነው። በአንጻሩ የዲሲፕሊን ጉዳይን፣ የተካረረ አለመግባባትን፣ ምስጢራዊ መረጃን ወይም የዋና ሰነድ ምርመራን የሚመለከት ስብሰባ በአካል ቢሆን ይመረጣል። ከፊሉ ተሳታፊ በአዳራሽ፣ ከፊሉ በርቀት በሚሆንበት ጊዜ ሰብሳቢው ቅድሚያ የመናገር ዕድል በርቀት ላሉት ቢሰጥ ሚዛኑ ይጠበቃል።

ተሳታፊዎች ሊያደርጓቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች

• ሰዓትን ማረጋገጥ፦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት የሚጀመር ስብሰባ በአብዛኞቹ መተግበሪያዎች ላይ 9፡00 ሆኖ ይታያል። ስለዚህ በጥሪው ላይ ሁለቱም አቆጣጠሮች ቢገለጹ ስሕተት ይቀራል። ዋሽንግተን ዲ.ሲ. እንደ ወቅቱ ከአዲስ አበባ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች።

• መስመርን መፈተሽ፦ ከ15 ደቂቃ በፊት ገብቶ ድምፅንና ምስልን መሞከር፣ ስልክን ወይም ላፕቶፕን አስቀድሞ ቻርጅ ማድረግ ይገባል። መስመሩ ሲደክም ካሜራን ዘግቶ በድምፅ ብቻ መቀጠል ይቻላል።

• አማራጭ መንገድ መያዝ፦ የሰብሳቢውን ወይም የጸሐፊውን ስልክ ቁጥር አስቀድሞ መያዝ፣ መስመር ሲቋረጥ ወዲያውኑ ማሳወቅና መቋረጡ በቃለ ጉባኤ እንዲመዘገብ መጠየቅ ተገቢ ነው። ዝምታ እንደ ስምምነት እንዳይቆጠር ሰብሳቢው የእያንዳንዱን ተሳታፊ አቋም በስም ጠርቶ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

• የግል መረጃን መጠበቅ፦ የሰው ምስልና ድምፅ የግል መረጃ በመሆኑ፣ ስብሰባው የሚቀዳ ከሆነ ለተሳታፊዎች አስቀድሞ ሊነገር ይገባል። የግል መረጃን አያያዝ የሚመለከተው ሕግ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው።

• ውሳኔን በጽሑፍ መያዝ፦ ቃለ ጉባኤው ለሁሉም ተሳታፊዎች ተልኮ ሊረጋገጥ ይገባል። ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሕጋዊ መሠረት የሰጠው አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ነው።

በቪዲዮ ስብሰባ እንዲገኝ የተጠራ ባለጉዳይ የመስመር፣ የመሣሪያ ወይም የቋንቋ ችግር ካለበት ለጠራው መሥሪያ ቤት ከቀጠሮው ቀን አስቀድሞ ቢያሳውቅ፣ በአቅራቢያው ካለ ጽሕፈት ቤት እንዲሳተፍ ወይም በአካል እንዲቀርብ ለማመቻቸት ጊዜ ይኖራል።