መቅረጫው በልጁ እጅ

በእሑድ የሕፃናት ክፍል የምታገለግሉ ወጣቶች ይህን ታውቁታላችሁ። ልጁ በግ ሲሥል እግሩ አምስት ይሆንበታል። እኛም ቸኩለን እርሳሱን ከእጁ እንወስድና «እንዲህ ነው» ብለን እናስተካክልለታለን። ሥዕሉ ያምራል፤ ልጁ ግን ከዚያ በኋላ «የእኔ ነው» አይልም።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ሥዕል ይሰጥ የነበረውም ከዚህ ብዙም ባልራቀ መንገድ ነው። ተማሪው ትልቅ ሰው የሠራውን ሥዕል እያየ ይገለብጣል፤ አስመስሎ የገለበጠ ጎበዝ ይባላል። ይህን ልማድ ከተቃወሙት መምህራን አንዱ ፍራንዝ ቺዤክ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1885 ሥዕል ለመማር ቪየና ሲመጡ የተከራዩት በአንድ አናጢ ቤት ነበር። የቤቱ ልጆች ወደ ክፍላቸው እየገቡ ወረቀትና ቀለም ሲያገኙ፣ ማንም ሳያሳያቸው የሚሥሉት አስገረማቸው። በ1897 የልጆች የሥዕል ክፍል ከፈቱ። ልጆቹ ከመደበኛ ትምህርታቸው ሲያርፉ፣ ቅዳሜና እሑድ ይመጡ ነበር።

በዚያ ክፍል ከእርሳስና ከቀለም ሌላ ጭቃ፣ እንጨትና ሊኖሊየም ነበር። ሊኖሊየም በ1860ዎቹ እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ዋልተን የፈጠሩት የወለል ንጣፍ ነው። የሚሠራው እኛ በምናውቀው በተልባ ዘይትና በቡሽ ብናኝ ነው። ርካሽ ነው፤ ከእንጨትም ይለሰልሳል፤ የልጅ ክንድ ይችለዋል።

አሠራሩ ማኅተምን ይመስላል። ልጁ ሥዕሉን በሊኖሊየሙ ላይ ይነድፋል፤ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የፈለገውን ቦታ በመቅረጫ ፈልፍሎ ያወጣል። ሳይነካ በቀረው ከፍ ያለ ገጽ ላይ በሩሎ ቀለም ይቀባል፤ ወረቀት ያለብስና ጀርባውን በማንኪያ ያሻል። ወረቀቱን ሲያነሣ ሥዕሉ ተገልብጦ ይወጣል። ቀኝ የነበረው ግራ ይሆናል።

ይህ ሥራ ልጅን የሚያስተምረው ነገር አለ። እርሳስ በላጲስ ይጠፋል፤ አንዴ የተፈለፈለ መስመር ግን አይመለስም። ስለዚህ ልጁ ከመቁረጡ በፊት ማሰብ አለበት፤ ከተሳሳተም ስሕተቱን ይዞ ሌላ መፍትሔ ይፈልጋል። መምህሩም ቢሆኑ የተቆረጠውን መልሰው ሊያርሙለት አይችሉም። ደግሞም ከአንድ ቅርጽ ብዙ ቅጂ ይወጣል፤ አንዱን እናቱ ጋ ቢያስቀር ሌላው ሩቅ አገር ሊሄድ ይችላል።

በእርግጥም ሄደ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቪየና ተራበች። የውጭ አገር ዕርዳታ ሰጪዎች ለልጆች ምግብ ማደል ጀመሩ። ከመጡት አንዷ እንግሊዛዊቷ ፍራንቼስካ ዊልሰን የቺዤክን ክፍል አይተው፣ የልጆቹ ሥራዎች በ1920 ለንደን ላይ እንዲታዩ አደረጉ። ዐውደ ርእዩ በብሪታንያ ከተማ ለከተማ ዞረ፤ ገቢውም ልጆችን ለመርዳት ዋለ። ስለዚህ የቪየና ልጆች እጃቸውን ዘርግተው የሚቀበሉ ብቻ አልነበሩም። በገዛ እጃቸው በሠሩት ሥራ ሰጪዎችም ሆኑ።

ትልልቆችም ከእነርሱ ተማሩ። ክሎድ ፍላይት የተባሉ እንግሊዛዊ ሠዓሊ የሊኖሊየም ኅትመትን ለአዋቂዎች አስተምረዋል፤ በ1927 ስለዚሁ ጥበብ መጽሐፍ አሳትመዋል። የልጆች ሥራ ይባል የነበረውን ነገር የሠዓሊዎች ጥበብ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ናቸው።

ሆኖም ታሪኩን ስናወራ ነቀፌታውንም መሸሸግ አይገባንም። የቺዤክን ተማሪዎች ሥራዎች ጎን ለጎን ያዩ ሰዎች «እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ የዘመኑ የቪየና ጌጠኛ አሣሣል ይታይባቸዋል» ብለዋል። ነቀፌታው ቀላል አይደለም። መምህር መቅረጫውን ባይነካም የሚያደንቀውን ልጆች ያውቃሉ፤ የሚያደንቀውንም ይሠሩለታል። እጅን መሰብሰብ አንድ ነገር ነው፤ ዓይንንና ምላስን መሰብሰብ ግን ከዚያ ይከብዳል።

ሊኖሊየም በሌለበት ለሁለት የተቆረጠ ድንች ይበቃል። ልጁ የስሙን መጀመሪያ ፊደል ቀርጾ ሲያትም ፊደሉ ተገልብጦ ይወጣበታል፤ ቀና ብሎም ያያችኋል። ያን ጊዜ ድንቹን አትቀበሉት። ሌላ ግማሽ ድንች ስጡትና ጠብቁት።