ቀይዋ መኪና ጡረታ የምትወጣው መቼ ነው?

አገራችን ለመኪና ጡረታ አታውቅም። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ትቷቸው የሄደው ትሬንታ ኳትሮዎች ከእሱ በኋላም ዓመታት ዳገት ወጥተዋል። ቀጥሎ የመጣው ፊያት 682፣ «ኤንትሬ» የምንለው፣ ፋብሪካው ማምረቱን ካቆመ በኋላም ጭነቱን አላወረደም። መካኒኮቻችን ዕቃ ሲጠፋ ቀጥቅጠው ይሠራሉ፣ አልገጥም ሲል ሞርደው ያስገባሉ። ስለዚህ እኛ የመኪናን ዕድሜ የምንለካው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሞተሩ ይነሳል?

ለኤንትሬ ይህ ይበቃል። መንገድ ላይ ቢቆም እህሉ አንድ ቀን ይዘገያል። የእሳት አደጋ መኪና ብትቆምስ?

ታሪኩን እንይ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1922 ኒውዮርክ የመጨረሻዎቹን የእሳት አደጋ ፈረሶቿን ብሩክሊን ላይ አሰናበተች። ፈረሶቹ መሮጥ አቅቷቸው አይደለም፤ በዚያው ቀን እንኳ ለስንብት ሮጠዋል። የተሰናበቱት ከእነሱ የሚሻል ስለተገኘ ነው። ልብ በሉ፤ ውሳኔው እስኪወድቁ አልጠበቀም።

ዛሬ የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ይህንን በቁጥር አስቀምጦታል፦ 15 ዓመት ያለፋት መኪና ተጠባባቂ ትሁን፣ 25 ዓመት ያለፋት ትሰናበት ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የእሳት አደጋ መኪና አብዛኛውን ዕድሜዋን ቆማ ስለምታሳልፍ የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ይዋሻል። እሷ ቆማ ሳለ ጎማው ይሰነጠቃል፣ የፓምፑ ማሸጊያ ይደርቃል፣ ታንከሩ ይዝጋል። ለዚህም ነው ፓምፑ በየዓመቱ መፈተን ያለበት።

አሁን ይህን ቁጥር ይዘን ወደ ዋግ ኽምራ እንውጣ። የዋግሹሞች መቀመጫ የነበረችው ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ ውሃ የሚስብ ፓምፕም በባሕር ጠለል ላይ የሚችለውን ጥልቀት አይችልም። በሌላ አነጋገር አዲሷ መኪና ሰቆጣ ስትደርስ ጥቂት አርጅታ ነው የምትገባው። አሮጌዋንማ ተዉት።

ሌላም አለ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል አዲስ አበባ ያሏትን መኪኖች አሰልፋም እሳቱ ለሰዓታት አስቸግሯታል። አንዷ ብትበላሽ ግን ሌላ ነበረች። በተራራ ለተከበበች ከተማ ሁለተኛዋ መኪና የምትመጣው ከላሊበላ፣ ከኮረም ወይም ከወልድያ ነው እንበል። ያንን ጠመዝማዛ ዳገት ጨርሳ እስክትደርስ የሳር ክዳን ቤት ይጠብቃል?

በጦርነት ለተጎዳ፣ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ገንዘብ ለሚያጥረው ዞን «አዲስ ግዙ» ማለት ቀልድ ሊመስል ይችላል። እኛም ነገ ይገዛ አላልንም። የምንለው ጡረታዋ በተገዛችበት ዕለት ይጻፍ ነው። የመተኪያዋ ገንዘብ በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ ይቀመጥ። የፓምፑ ፈተና ውጤት ይመዝገብ፤ ውጤቱ ሲያሽቆለቁል ቀኑ ይቅረብ እንጂ አይራቅ። ከውጭ በስጦታ የምትመጣ መኪና ካለችም ከምስጋናው ጋር አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ስንት ዓመቷ ነው? የሌላ አገር ጡረተኛ ተቀብለን እንደ አዲስ ተቀጣሪ እንዳንቆጥራት።

ሞተሩ ይነሳል ወይ የሚለውን ጥያቄ ለኤንትሬ እንተውለት። ለቀይዋ መኪና ጥያቄው ሌላ ነው፦ ዛሬ ሌሊት ብትጠራ ደርሳ፣ ውሃ ስባ፣ ትረጫለች? መልሱ «ምናልባት» ከሆነ ጡረታዋ አልፏል።